ሁለተኛው ሲዲ

ፊልም ከጥንቱም ቁርጥራጭ ነበር። ሲኒማ ቤት የተቀመጠ ተመልካች አይታወቀውም እንጂ፣ 1000 ጫማ ርዝመት ያለው የ35 ሚሊሜትር ጥቅል በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሄድ የሚቆየው 11 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የፕሮጀክተር ባለሙያው በጠባቧ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ማሽን ጎን ለጎን አቁሞ ይጠብቅ ነበር። አንዱ ጥቅል ሊያልቅ ሲል በምስሉ የላይኛው ቀኝ ማዕዘን ትንሽ ክብ ምልክት ብልጭ ትላለች፤ ያኔ ሁለተኛውን ማሽን ያስነሣል። ምልክቷ ለሁለተኛ ጊዜ ብልጭ ስትል ብርሃኑን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል። የሙያው ልክ የሚታወቀው ከታች የተቀመጠው ሕዝብ ምንም ሳያውቅ ሲቀር ነው።

ፊልም ወደ ቤት ሲገባ ያ ባለሙያ አብሮ አልገባም። ከዚህ በታች የምተርከው፣ ባለሙያው ከሌለ በኋላ መጋጠሚያው ላይ ምን እንደደረሰ ነው። (ካልገለጽሁ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1975 ሶኒ ቤታማክስን ሲያወጣ ካሴቱ የሚይዘው አንድ ሰዓት ነበር። በዓመቱ ጄቪሲ ያመጣው ቪኤችኤስ ሁለት ሰዓት ያዘ። በኋላ ቪኤችኤስ ገበያውን ጠቅልሎ የወሰደባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ከሁሉ የሚገባኝ ግን ቀላሉ ነው፦ አንድ ፊልም ሳይቋረጥ የሚያልቅበት ካሴት፣ መሃል ላይ ተነሥተህ ከምትቀይረው ካሴት ይሻላል። ከዚያ ወዲህ በመጣው ዕቃ ሁሉ ይኸው ጥያቄ እየተመለሰ ይመጣል።

በ1982 ፊሊፕስና ሶኒ ሲዲን ለገበያ አቀረቡ። ስፋቱ 12 ሳንቲሜትር፣ የሚይዘው 74 ደቂቃ ሙዚቃ ነበር። የተሠራው ለጆሮ ነው፤ ለዓይን አልታሰበም። ማጫወቻው ከሲዲው ላይ በሰከንድ የሚያነበው 1.4 ሚሊዮን ቢት ያህል ሲሆን፣ በዚያን ዘመን የቴሌቪዥን ስቱዲዮዎች የተስማሙበት ያልተጨመቀ ዲጂታል ምስል ደግሞ በሰከንድ 216 ሚሊዮን ቢት ይፈልግ ነበር። እንዲህ ያለውን ምስል እንዳለ ሲዲ ላይ ቢያሰፍሩት ከ29 ሰከንድ ገደማ በኋላ ቦታ ያልቃል።

ይህን ክፍተት ለመዝጋት በ1988 ጣሊያናዊው ሊዮናርዶ ኪያሪሊዮኔና ጃፓናዊው ሂሮሺ ያሱዳ አንድ የባለሙያዎች ቡድን አቋቋሙ፤ ስሙም ኤምፔግ ተባለ። የመጀመሪያው ሥራቸው ዒላማ በሰከንድ 1.5 ሚሊዮን ቢት ገደማ ነበር። ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ሲዲ ማጫወቻ ሊያቀብል የሚችለው መጠን ነው። ዘዴው ደግሞ ከአንዱ ፍሬም ወደሚቀጥለው የማይለወጠውን ነገር ደግሞ አለመጻፍ ነው። በየጊዜው አንድ ሙሉ ፍሬም ይቀመጣል፤ ከሱ በኋላ የሚመጡት «ግድግዳው እንዳለ ነው፣ ሰውየው ግን ትንሽ ወደ ግራ ሄዷል» እንደማለት ለውጡን ብቻ ይናገራሉ። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ፊልምን የትም ቦታ መቁረጥ የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነውና። ለውጡን ብቻ የሚናገር ፍሬም፣ ከፊቱ ያለው ሙሉ ፍሬም ከተቆረጠበት የሚናገረው ነገር ትርጉም የለውም።

ኤምፔግ 1 በ1993 መስፈርት ሆኖ ታተመ። በዚያው ዓመት ፊሊፕስ፣ ሶኒ፣ ማትሱሺታና ጄቪሲ ነጩ መጽሐፍ በሚባለው ሰነድ ቪሲዲ፣ ማለትም ፊልም የሚይዝ ሲዲ፣ ምን መምሰል እንዳለበት ደነገጉ፦ ምስሉ 352 በ288 ነጥብ (በአሜሪካና በጃፓን የቴሌቪዥን ሥርዓት 352 በ240)፣ ለምስል በሰከንድ 1150 ኪሎቢት፣ ለድምፅ 224። ማጫወቻውን ለሕዝብ ያወጡት ግን ከእነዚህ ታላላቅ ኩባንያዎች አንዳቸውም አልነበሩም። በቻይና አንሁዊ ክፍለ ሀገር፣ ሄፈይ ከተማ፣ ጂያንግ ዋንሜንግና ሱን ያንሼንግ የተባሉ ሁለት ሰዎች ሲ-ኪዩብ ከተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ባገኙት ቺፕ የመጀመሪያውን የቪሲዲ ማጫወቻ ሠሩ። ኩባንያቸውን ከስማቸው ቆርጠው ዋንያን አሉት። የባለቤትነት መብት አላስመዘገቡም። ከመጀመሪያዎቹ 1000 ማጫወቻዎች ብዙዎቹን የገዟቸው ፈትተው ሊያዩ የፈለጉ ተወዳዳሪ ፋብሪካዎች እንደነበሩ በቻይና ደጋግሞ ይተረካል። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ገበያው በሌሎች እጅ ገባ። የሁለቱን ሰዎች ነገር ሳስብ ያሳዝነኛል፤ እስያንና አፍሪካን ያጥለቀለቀው ዕቃ የወጣው ከነሱ ጠረጴዛ ነው።

የቪሲዲ ጠባይ አንድ ነገር ነው፦ ግትርነት። ለእያንዳንዱ ሰከንድ የሚሰጠው ቢት አይጨምርም፣ አይቀንስም። ባዶ ግድግዳም ሆነ የሚናጥ ባሕር እኩል ይደርሰዋል። ስለዚህ የሲዲው ደቂቃና የፊልሙ ደቂቃ አንድ ናቸው። 74 ደቂቃ ካለፈ ሌላ ሲዲ ያስፈልጋል፤ ድርድር የለም። በ1997 የወጣው ታይታኒክ ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ስለሚረዝም ሦስት ሲዲ ጠየቀ። ተራው የሁለት ሰዓት ፊልም ሁለት ሲዲ ሆነ። የእስያ ሱቆች መደርደሪያ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ማሸጊያ በሚሸጡ ሲዲዎች ተሞላ። ተመልካቹም መሃል ላይ ተነሥቶ መቀየርን፣ ልክ የቡና ሁለተኛ እንደመቁጠር፣ ከፊልሙ ጋር የሚመጣ ነገር አድርጎ ለመደው።

አሳቢ አታሚ ግን መቁረጫውን 74ኛው ደቂቃ ላይ አያደርገውም። ፊልሙ 110 ደቂቃ ከሆነ፣ 55ኛው ደቂቃ አካባቢ አንድ ትዕይንት የሚዘጋበትን፣ በር የሚዘጋበትን ወይም ሌሊቱ የሚነጋበትን ቦታ ፈልጎ እዚያ ይከፍለዋል። ግድ የሌለው ደግሞ የመጀመሪያውን ሲዲ እስከ ጠርዙ ሞልቶ የተረፈውን ወደ ሁለተኛው ይገለብጣል። ሁለቱም በአንድ ዋጋ ይሸጡ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ቆራጩ ፋብሪካ ነው። መቀሱ በተራ ሰው እጅ የገባው ባዶ ሲዲ ሲረክስ ነው። ታዮ ዩደን የተባለው የጃፓን ኩባንያ አንድ ጊዜ የሚጻፍበትን ሲዲ በ1988 አስተዋወቀ፤ መጻፊያው ማሽን ግን ለዓመታት የድርጅት ዕቃ ሆኖ ቆየ። በ1995 ኤችፒ ከ1000 ዶላር በታች የሆነ መጻፊያ አወጣ፤ ከዚያ በኋላ ዋጋው እየወረደ ሄዶ በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ ከተራ ኮምፒውተር ጋር የሚመጣ ሆነ። 74 ደቂቃ የነበረው ባዶ ሲዲም 80 ደቂቃ ደረሰ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። የ80 ደቂቃ ሲዲ 360,000 ክፍልፋዮች አሉት። ተራ ፋይል ሲጻፍበት እያንዳንዱ ክፍልፋይ 2048 ባይት ይይዛል፤ ቀሪው ቦታ ስህተት ማረሚያ ነው። ድምሩ 703 ሜጋባይት ነው። ቪሲዲ ሲጻፍ ግን ከማረሚያው አብዛኛው ተትቶ ክፍልፋዩ 2324 ባይት ይይዛል፤ ያው ሲዲ 800 ሜጋባይት ሊደርስ ምንም አይቀረው። ፕሮግራም አንድ ፊደሉ ከተሳሳተ አይሠራም፣ ፊልም ግን አንድ ነጠብጣብ ቢሳሳት ዓይን ሳያየው ያልፋል። የመስፈርቱ ጸሐፊዎች ይህን አመዛዝነው ነው የወሰኑት፤ እኔም ልክ ነበሩ እላለሁ።

በ1998 ቻይና ሱፐር ቪሲዲን አመጣች። ኤምፔግ 2 የተባለውን አዲስ አጨማመቅ ተጠቀመ፤ ምስሉ ጠራ። ዋጋው ግን ደቂቃ ነበር፦ በከፍተኛው ጥራት አንድ ሲዲ 40 ደቂቃ እንኳ ላይሞላ ይችላል። የሁለት ሰዓት ፊልም ሦስት ሲዲ ሲሆን ሰው ተነሥቶ መቀየር ይሰለቻል። ሱፐር ቪሲዲ ከቻይና ውጭ ሰፊ ገበያ አላገኘም። አንድ ነገር ግን አስተማረ፤ ቢቱ እንደ ትዕይንቱ ክብደት ሊጨምርና ሊቀንስ ይችል ነበር። ግትርነቱ ላላ ማለት ነው።

ሁሉን የገለበጠው የመጣው ከፈረንሳይ ነው። በ1999 ሞንፔሊየ የሚኖረው ዤሮም ሮታ፣ ማይክሮሶፍት ለራሱ ፋይሎች ብቻ እንዲሠራ የቆለፈውን የኤምፔግ 4 ኮዴክ (የመጭመቂያና የመፍቻ ፕሮግራም) ፈታው፤ ዲቪኤክስ ብሎም ለቀቀው። በዚያው ዓመት ጥቅምት የዲቪዲ ቁልፍ የሚከፍት ፕሮግራም ወጣ፤ ከአውጪዎቹ አንዱ ተብሎ የተከሰሰው የ15 ዓመቱ ኖርዌጂያዊ ዮን ሌክ ዮሃንሰን በ2003 በሁለት ፍርድ ቤት ነጻ ተባለ። ሁለቱ ፕሮግራሞች ሲገናኙ፣ ዲቪዲ ላይ ስድስትና ሰባት ጊጋባይት የነበረ ፊልም ወደ 700 ሜጋባይት ሊጠብ ቻለ። አብዛኛው ቅጂ የባለመብቱን ፈቃድ አልጠየቀም፤ ይህን አልሸፍነውም። ፈጠራ የሰው እንጀራ ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን በየቤቱ የተሠራው የስሌት ሙያ ሳይነገር መቅረት የለበትም።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በቪሲዲ ጊዜ ቢቱ የተወሰነ ነው፣ የሲዲው ቁጥር ይለዋወጣል። በዲቪኤክስ ጊዜ ተገለበጠ፤ የሲዲው ቁጥር አስቀድሞ ይወሰናል፣ ቢቱ ከዚያ ይሰላል። የሁለት ሰዓት ፊልም 7200 ሰከንድ ነው። በአንድ ሲዲ ልክተተው ካልህ ለእያንዳንዱ ሰከንድ የሚደርሰው 819 ኪሎቢት ነው፤ ለድምፅ 128 ስትቀንስ ለምስሉ 691 ይቀራል። ጨለማ ትዕይንት ውስጥ ጥቁሩ ወደ አራት ማዕዘን ይሰባበራል፣ ዝናብ ጭቃ ይመስላል። በሁለት ሲዲ ከሆነ ግን ለምስሉ 1510 ኪሎቢት ይደርሰዋል፤ ያኔ የፊት መስመር ይታያል። ጥራትን የሚወድ ሰው ሁለት ሲዲ ይመርጥ የነበረው ለዚህ ነው። ለሁለተኛው ሲዲ የተከፈለው ዋጋ አንድ ጊዜ መነሣት ነው፤ እኔ ሁልጊዜ እነሣ ነበር።

ቀጥሎ ሁለት ዙር መጭመቅ መጣ። ድግስ የምታወጣ እናት እንግዳው ስንት እንደሆነ ሳታውቅ ወጥ አታወጣም። ኮምፒውተሩም በመጀመሪያው ዙር ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር አይቶ የቱ ትዕይንት ብዙ እንደሚፈልግ፣ የቱ በጥቂት እንደሚጠግብ ይመዘግባል። በሁለተኛው ዙር ያለውን ቢት በዚያ መዝገብ ያካፍላል። በዚያን ጊዜ ኮምፒውተሮች አንድ ዙር ብቻ ሙሉ ሌሊት ሊፈጅ ይችላል። ማታ አስጀምሮ ተኝቶ፣ ጠዋት ተነሥቶ መጠኑን ማየት ነበር። 1410 ሜጋባይት ሆኖ ቢገኝ ከሁለቱ ሲዲዎች በላይ ነው፤ ሌሊቱ ከንቱ ሆነ ማለት ነው።

ደግሞም የቢት እኩሌታና የሰዓት እኩሌታ አንድ አይደሉም። የመጨረሻው ሰዓት ጦርነት የሞላበት ፊልም ቢሆን፣ የመጀመሪያው ሲዲ 70 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 50 ደቂቃ ሊይዝ ይችላል። ሰው በሰዓት አይቶ ግማሹ ላይ ቢቆርጥ ሁለተኛው ክፍል ከሲዲው ይተርፋል። ሙያ ያለው ሰው ታዲያ ሁለቱንም ሲዲ አፍ እስከ ገደፍ አይሞላም ነበር። 20 ሜጋባይት ያህል አስተርፎ ይጨምቃል። በዚያ ጥራት 20 ሜጋባይት ማለት ወደ 100 ሰከንድ ነው፤ መቁረጫውን ወደፊትም ወደኋላም ለማንቀሳቀስ የሚያስችል ነጻ ቦታ። ከዚያ ኤቨሪ ሊ የሠራውን ቨርቹዋልደብ የተባለ ነጻ ፕሮግራም ከፍቶ፣ በእነዚያ 100 ሰከንዶች ውስጥ ሰው ንግግሩን የሚጨርስበትን፣ ሙዚቃው የሚያርፍበትን ቦታ ይፈልጋል። ያ ቦታ ደግሞ ሙሉ ፍሬም ላይ መዋል አለበት፤ በዲቪኤክስ ሙሉ ፍሬም አንዳንዴ ከአሥር ሰከንድ በላይ ይራራቃል። ደግነቱ ኮዴኩ ትዕይንት ሲቀየር ራሱ ሙሉ ፍሬም ያስቀምጣል። የማሽኑ ፍላጎትና የተመልካቹ ፍላጎት እዚያች ነጥብ ላይ ይገናኛሉ።

ፋይሉን ሳይከፍት እንደ ዱላ ለሁለት የሰበረ ሰውም ነበር። ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። የፋይሉ መግቢያ በመጀመሪያው ቁራጭ ላይ፣ ማውጫው በሁለተኛው መጨረሻ ላይ ይቀራል፤ ሁለተኛው ሲዲ ለብቻው ምንም አያሳይም። በትክክል በተቆረጠውም ቢሆን የድምፅ ነገር ያስቸግራል። ምስል በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሄድ አንዱ 40 ሚሊሰከንድ ነው፤ የኤምፒ 3 ድምፅ ደግሞ በ24 ሚሊሰከንድ ቁራጭ ይሄዳል። ሁለቱ ጠርዞች እምብዛም አይገጥሙም። ለጆሮ የማይሰማ ልዩነት ነው፤ አንዱ ላይ አንዱ ሲደራረብ ግን ከንፈርና ቃል መለያየት ይጀምራሉ።

ዲቪዲ ላይ መጻፍ ሲቻል ችግሩ ያበቃ መስሎ ነበር። ፓዮኒር በ2001 ለተራ ሰው ኮምፒውተር የሚሆን መጻፊያ አወጣ። ባዶው ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይላል፤ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ግን 4.38 ይሆናል። ፋብሪካው በሺህ፣ ኮምፒውተሩ በ1024 ስለሚቆጥር ነው። በሌላ በኩል የፊልም ኩባንያዎች የሚያትሙት ብዙ ጊዜ ባለ ሁለት ንብርብር፣ እስከ 8.5 ጊጋባይት የሚይዝ ነበር። ስለዚህ ሰው ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ በምዕራፍ ከፍሎ በሁለት ዲቪዲ መጻፍ፣ ወይ ዲቪዲ ሽሪንክ በመሰለ ፕሮግራም አጥብቦ በአንዱ መክተት። ብዙው ማጥበቡን መረጠ። የፋብሪካው ዲቪዲም ራሱ ስፌት ነበረው፦ ብርሃኑ ከአንዱ ንብርብር ወደ ሌላው ሲሸጋገር በብዙ ማጫወቻ ላይ ምስሉ ለቅጽበት ይቆማል። የቀለበቱ ጌታ የመጀመሪያው ክፍል በ2002 ተራዝሞ ሲወጣ 208 ደቂቃ ስለነበር ሆሊዉድም ጥራቱን ላለማጉደል ፊልሙን በሁለት ዲቪዲ ከፈለው፤ ተመልካቹም ተነሥቶ ቀየረ። በ2004 ባለ ሁለት ንብርብር ባዶ ዲቪዲ ገበያ ላይ ሲውል ደግሞ ፍላሽና ሰፊ ሃርድ ዲስክ በር ላይ ቆመው ነበር።

አዲስ አበባ በዚያን ጊዜ ገና የቪሲዲ ከተማ ነበረች። የአማርኛ ፊልም ከሲኒማ ቤት ወርዶ የሚሸጠው፣ የዘፋኝ ክሊፕ የሚታየው፣ ውጭ አገር ላለ ዘመድ የሚላከው በቪሲዲ ነበር። ከሁሉም በላይ ሠርግ። በእኛ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. የአክስቴ ልጅ ስታገባ፣ ቀራጩ አራት ቪሲዲ አስረከበን፤ በማርከር ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ቀረጻው ከአንድ ሰዓት ካሴቶች ተሰብስቦ አንድ ላይ ተጨምቆ ነበር። ከዚያ ፕሮግራሙ ቀጥ አድርጎ በየ80 ደቂቃው ቆረጠው። ማንም መቁረጫውን አላየውም።

የመጀመሪያው ሲዲ መጨረሻ ላይ ሙሽሮቹ ጉልበት ይስማሉ። አያታችን ከወንበራቸው ሳይነሡ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። «ውለዱ ክበዱ፣ ቤታችሁ አይጉደል፣ እንደ አብርሃምና እንደ» ይላሉ፤ ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ይሆናል። አንድ ልጅ ተነሥቶ ሁለተኛውን ሲዲ ይከታል። ማጫወቻው ያንጎራጉራል፣ ያነባል። ከዚያ «ሣራ ያድርጋችሁ»፣ ከዚያ የሁሉም አሜን። በቤታችን ሲዲው በታየ ቁጥር፣ በሁለቱ መካከል ባለው ዝምታ ውስጥ ሕፃናቱ በአንድ ድምፅ «ሣራ!» ይሉ ነበር። አያታችን እስካሉ ድረስ አብረው ይስቁ ነበር። ካረፉ በኋላ ያ ሰማያዊ ስክሪን ይከብደኝ ጀመር።

ታዮ ዩደን በ2015 መጨረሻ ባዶ ሲዲና ዲቪዲ ማምረት አቆመ። ሶኒ በየካቲት 2025 የሚጻፍበትን ብሉሬይ ማምረቱን ዘጋ። ያን ዜና ባነበብሁበት ሳምንት አክስቴ ቤት ሄጄ አራቱን ሲዲዎች አመጣሁ። ሦስተኛው በውጨኛው ጠርዝ ቀለሙ ለቅቋል፤ የመልሱ ጭፈራ መጨረሻ አይነበብም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ደኅና ነበሩ።

ኤምፔግ 1 አንድ መልካም ጠባይ አለው። የሚያስፈልገውን መረጃ ሁሉ በመግቢያው ብቻ አያስቀምጥም፣ በየመንገዱ ይደግመዋል፤ ስለዚህ ሁለት ቁራጭ ጫፍና ጫፋቸውን አጋጥሞ መቀጠል ይቻላል፣ እንደገና መጭመቅ ሳያስፈልግ። ቀራጩ ያደረገው ያ ግድ የለሽ አቆራረጥም ለዚህ ጠቀመኝ፤ ፕሮግራሙ የቆረጠው ባይት ቆጥሮ ነውና በመካከሉ የጠፋ ፍሬም የለም። የሲዲውን ማሸጊያ የሚያወልቅ ትንሽ ፕሮግራም አገኘሁ፣ ሁለቱን ፋይሎች አስከተልኋቸው፤ ከአንድ ደቂቃ በታች ፈጀ። ፋይሉን ወደ 79ኛው ደቂቃ ወስጄ ለቀቅሁት። አያታችን እጃቸውን ዘርግተዋል። «እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ» አሉ፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ።